ስለ ልጆቻችን የመጻፍ ፍላጎትና ድፍረት

(በደብራችን የኀምሳኛ ዓመት የኢዮቤልዩ በዓል ላይ በአንድ የአማርኛ መምህር የተነገረ ንግግር)



በዚህ በኀምሳኛው ዓመት በዓላችን በፊታችሁ ቆሜ እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ አስቀድሜ እግዚአብሔርን፥ ቀጥሎም እናንተን አመሰግናለሁ። የደብሩን ታሪክ ከእኔ ይልቅ የሚያውቁት አባቶች ተናግረውታልና እኔ ወደዚያ አልገባም። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት አማርኛ በማስተማር ነው፤ ስለዚህ የምናገረውም በማውቀው ነገር፥ ይኸውም ልጆቻችን ለመጻፍ ስላላቸው ፍላጎትና ድፍረት ይሆናል። ይህ የትምህርት ቤት ጕዳይ ነው እንጂ የቤተ ክርስቲያን በዓል ጕዳይ አይደለም የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ይህን አሳብ በልቤ ያሳደረብኝ ለዚሁ በዓል የምናሳትመው መጽሐፍ ነው።

ባለፈው ጥቅምት የመጽሐፉ አዘጋጆች ተሰብስበን ስንመክር፥ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ልጆች እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ገጽ እንዲጽፉ ቈርጠን ነበር። ነገሩም ቀላል ነበረ። ልጁ ከቤቱ ወይም ከጎረቤቱ አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት ባልቴት ይፈልጋል፤ ስለ ደብሩ አተካከል የሚያስታውሱትን ይጠይቃል፤ የሰማውን ይጽፋል። ከ6ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ለሚማሩ 42 ልጆች ወረቀት አደልን፤ እነርሱም በደስታ ተቀበሉ። እስከ ኅዳር ጽዮን እንዲያመጡ ተነገራቸው። ኅዳር ጽዮን አለፈ፤ የታኅሣሥ ገብርኤልም አለፈ፤ የተመለሰልን ወረቀት ግን 6 ብቻ ሆነ። ከስድስቱም ሁለቱ ከሌላ መጽሐፍ የተገለበጡ ነበሩ፤ አንዱ ደግሞ በታላቅ እኅቱ እጅ የተጻፈ መሆኑን ፊደሉ ራሱ መሰከረበት።

ከመካከላችን አንዳንዶቹ፥ የዛሬ ልጅ ሰነፍ ነው፤ ስልኩን ከመነካካት በቀር ሌላ ሥራ አያውቅም ብለው ተቈጡ። እኔም ቍጣውን ተካፍዬ ነበር፤ መምህር ነኝና ቍጣ አይቸግረኝም። ይሁን እንጂ ልጆቹን አንድ በአንድ እየጠራሁ ብጠይቃቸው ነገሩ ሌላ ሆኖ አገኘሁት። አብዛኞቹ ሄደዋል፤ ጠይቀዋል፤ ሰምተዋልም። አንዲት የ8ኛ ክፍል ልጅ በቅጽሩ ጥግ ቆማ የሴት አያቷን ወሬ ነገረችኝ። ደወል እስኪገዛ ድረስ የአሮጌ መኪና ቸርኬ በዛፍ ላይ ተሰቅሎ በብረት ይመታ እንደ ነበረ፤ አያቷም ገና ሙሽራ ሳሉ ለግንቡ የሚሆን ውሃ በእንስራ ከወንዝ ሲያመላልሱ አንድ ቀን እንስራው ተሰብሮባቸው፥ የአማታቸውን ቍጣ ፈርተው እስኪመሽ በቅጽሩ ውስጥ ተሸሽገው እንደ ዋሉ፥ እጇን እያወናጨፈች አወራችልኝ። እኔም የመጣሁበትን ጕዳይ ረስቼ ሰማኋት። በመጨረሻም «ልጄ፥ ይህንኑ እንደ ነገርሽኝ አድርገሽ ጻፊው» ብላት ፊቷ ወዲያው ተለወጠ። «ጋሼ፥ መጻፍ አልችልም፤ ስሕተት ይበዛብኛል፤ ሰው ይስቅብኛል» አለችኝ።

ወገኖቼ ሆይ፥ ይህች ልጅ ደብተርና እስክርቢቶ ይዛ ወደ ትምህርት ቤት ስትመላለስ ስምንተኛ ዓመቷ ነው። ወሬው በአፏ ሞልቷል፤ እጇ ግን ፈርቷል። ስለዚህ ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ልጆቻችን ምን ያህል ያውቃሉ የሚል አይደለም። የሚያውቁትን እንዳይጽፉ ያስፈራቸው ማን ነው? የሚል ነው።

ይህን ነገር በውጭ አገር ያሉ የሥነ ልቡና ሊቃውንት መርምረውታል። በካናዳ ተወልዶ በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው አልበርት ባንዱራ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1977 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ፥ ሰው አንድን ሥራ ለመጀመር፥ መሰናክልም ሲያገኘው ለመጽናት፥ «ይህን እችላለሁ» ብሎ በራሱ ማመኑ ታላቅ ኃይል እንዳለው ገለጸ። ይህም እምነት ከአራት ምንጭ ይቀዳል አለ፤ ሰውዬው ራሱ ቀድሞ ሠርቶ ካሳካው ነገር፥ እንደ እርሱ ያለ ሰው ሲያሳካ ከማየት፥ ከሚያምነው ሰው አፍ ከሚሰማው ቃል፥ ደግሞም ከገዛ ሰውነቱ፥ ማለት ከልቡ ምትና ከእጁ መንቀጥቀጥ ነው። ከእርሱ በኋላ በኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ፍራንክ ፓሃሬስ ይህንኑ አሳብ ወደ ጽሕፈት አመጣው። ከባልደረቦቹ ጋራ በ2007 (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) ባሳተመው ጥናት የታችኛው ክፍል ልጆች ከመካከለኛውና ከከፍተኛው ደረጃ ተማሪዎች ይልቅ በጽሕፈታቸው የሚተማመኑ ሆነው ተገኙ። ከአራቱም ምንጮች ይበልጥ ከልጁ እምነት ጋራ የተያያዘው የመጀመሪያው፥ ይኸውም ራሱ ሠርቶ ማሳካቱ ነበረ።

ልብ አድርጉ! ልጁ ክፍል ሲጨምር እውቀቱ ይጨምራል፤ ድፍረቱ ግን ይቀንሳል ማለት ነው። የተጠኑት የአሜሪካ ልጆች ናቸውና ቍጥሩን ወደ እኛ አገር አላመጣውም። ነገር ግን ነገሩን እኔም በዓይኔ አይቼዋለሁ። ሕፃን ልጅ ከሰል ሲያገኝ የቤቱን ግድግዳ ሁሉ ይሞነጫጭራል፤ ምን እንደ ሆነ ቢጠየቅ ይህ አባባ ነው፥ ይህችም ዶሮዋ ናት ብሎ ያለ ሐፍረት ያስረዳል። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም የሚለውን ተረት ገና አልሰማም። ተረቱን የምናሰማው እኛ ነን፤ ይልቁንም እኛ መምህራን ነን።

የሌላውን መምህር በደል ከምቈጥር የራሴን ልናገር። ማስተማር በጀመርሁ በሦስተኛው ዓመት በአንዲት ትንሽ የገጠር ከተማ የ7ኛ ክፍል ተማሪዎቼን «ያዘንሁበት ቀን» በሚል አርእስት ድርሰት አስጻፍኋቸው። ከኋላ የሚቀመጥ አንድ ዝምተኛ ልጅ ግማሽ ገጽ ጻፈልኝ። የጻፈውም የአባቱ በሬ በእርሻ መካከል ወድቆ ስለ ሞተበት ቀን ነበረ። አባቱ ቀንበሩን ፈትተው፥ በሬውን በስሙ እየጠሩ እንደ ሰው አለቀሱለት፤ ልጁም አባቱ ሲያለቅሱ አይቶ አያውቅም ነበርና ከበሬው ሞት ይልቅ የአባቱ ልቅሶ አስፈራው። ይህን ጽፎ ነበር። እኔም ቀይ እስክርቢቶዬን አንሥቼ በ31 ስፍራ ምልክት አደረግሁበት። አራት ነጥቡን ትቷል፤ ሀሌታውን ሀ ከሐመሩ ሐ አልለየም፤ እሳቱን ሰ በንጉሡ ሠ ስፍራ አግብቷል። ከግርጌውም «ጥንቃቄ የጐደለው፤ 4 ከ10» ብዬ ጻፍሁ። ስለ በሬው አንዲት ቃል አልጻፍሁም። አባቱ እንዴት እንደ ከረሙም አልጠየቅሁትም።

በሚቀጥለው ወር ስለ ቤት እንስሳት አስጻፍሁ። ያ ልጅ ሦስት ዐረፍተ ነገር ብቻ ጻፈ። ላም የቤት እንስሳ ናት። ላም አራት እግር አላት። ላም ወተት ትሰጣለች። ስሕተት አልነበረበትም፤ ስለዚህ 7 ሰጠሁት። ሰዋስው ያስተማርሁት መስሎኝ ነበር፤ እርሱ ግን ከእኔ የተማረው ዝም አይነቅዝም የሚለውን ነበረ። ብልህ ልጅ ነበርና በአንድ ጊዜ ገባው።

ከብዙ ዓመት በኋላ በአንድ የወረዳ ፍርድ ቤት በር ተገናኘን። 12ኛ ክፍል ጨርሷል፤ የእህል ንግድም ይዟል። በጥላ ሥር ከሚቀመጡት ማመልከቻ ጸሐፊዎች በአንደኛው ዘንድ ወረፋ ይጠብቅ ነበር። ጕዳይህን ከአንተ የበለጠ የሚያውቀው የለምና ለምን ራስህ አትጽፈውም ብለው፥ ስቆ «ጋሼ፥ መጻፍ ከድሮም አይሆንልኝም፤ እርስዎስ ያውቁ የለ» አለኝ። ያለ ቂም ነበር የተናገረው። ስለ በሬው ያስታውስ እንደ ሆነ ልጠይቀው ፈልጌ አልደፈርሁም።

እዚህ ላይ ሊቃውንት አባቶቼ አይቈጡኝ። ሠረቀ ሲል ፀሐይ ወጣ፥ ሰረቀ ሲል ሌባ ወሰደ ማለት እንደ ሆነ፥ ሠዐለ የሥዕል፥ ሰአለ የልመና እንደ ሆነ ከእናንተው ተምሬአለሁ። በግእዝ ፊደሉ ምሥጢሩን ይጠብቃል። በአማርኛ ግን ድምፃቸው አንድ ስለ ሆነ፥ ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ፥ የለም አይቀነሱ እያሉ ሊቃውንቱ ራሳቸው ሲከራከሩ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ሽማግሌዎች ባልጨረሱት ሙግት የ13 ዓመት ልጅ ስለምን ይቀጣል? አይማረው ማለቴ አይደለም። አስቀድሞ በሬው ይነገርለት፤ ፊደሉ በኋላ ይቃናለታል።

ይህ ፍርሃት ከየት መጣ ብዬ ስመረምር ወደ ጥንቱ ትምህርታችን ተመለስሁ። በአባቶቻችን ዘመን ንባብና ጽሕፈት እንደ ዛሬው መንታ አልነበሩም። ልጅ ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጦ ፊደል ይቈጥራል፤ መልእክተ ዮሐንስን፥ ወንጌለ ዮሐንስን፥ በመጨረሻም ዳዊትን ይዘልቃል። ዳዊት የደገመ ልጅ ግን ስሙን መጻፍ ላይችል ይችል ነበር፤ ጽሕፈት ለብቻው የሚለመድ የእጅ ሙያ ነበርና። ጸሐፊው የፍየሉን ወይም የበጉን ቆዳ ፍቆ ብራና ያወጣል፤ መቃውን ቀርጾ ብዕር ያደርጋል፤ ጥቁሩንና ቀዩን ቀለም ይበጠብጣል፤ ከዚያም በቁም ጽሕፈት ሲገለብጥ ወራት ይፈጅበታል። ክብሩ ሁሉ ከፊቱ ካለው መጽሐፍ አንዲት ፊደል ሳይጨምርና ሳይቀንስ መጻፉ ነው፤ የራሱን አሳብ ቢያገባበት መጽሐፉን አበላሸ ይባላል። የራሱን አሳብ የሚናገረው ሰው ሌላ ነው፤ እርሱም ባለ ቅኔው ነው። ባለ ቅኔው ደግሞ ብዕር አያነሣም፤ ቅኔውን በልቡ ይቈጥራል፥ በአፉ ይናገራል። ሁለቱን ያስተባበሩ ሊቃውንት አልጠፉም፤ ነገር ግን በብዙው ቤት ብዕር የያዘው የራሱን ቃል አይናገርም፥ የራሱን ቃል የሚናገረውም ብዕር አልያዘም ነበር።

በ1900 ዓ.ም. ገደማ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከተከፈተ ወዲህ የተስፋፋው ዘመናዊ ትምህርት ለልጁ ሁሉ ብዕር ሰጠው። ይህ ታላቅ ነገር ነው፤ ውለታውንም አንክድም። ዳሩ ግን ከብዕሩ ጋራ የጸሐፊውን ልማድ ሰጠው እንጂ የባለ ቅኔውን አልሰጠውም። ወደ አንድ ክፍል ገብታችሁ ተመልከቱ። መምህሩ በሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ልጆቹ ይገለብጣሉ፤ ደወል ይደወላል። በዓመቱ መጨረሻ የልጁ ደብተር ሞልቷል። ከዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ የገዛ ራሱ የሆነውን ፈልጉ ብትባሉ፥ ከሽፋኑ ላይ ያለውን ስሙን ታገኙ ይሆናል።

ሁለቱ ልማዶች በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ደግሞ አይተናል። በጎጃም በቤተ ክህነት ትምህርት ቅኔ ተምረው ያደጉት ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ፍቅር እስከ መቃብርን አሳተሙ። ከዚያም በፊት፥ ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ በ1917 ዓ.ም. መታተም ሲጀምር የአንባቢዎቹን ጽሑፍ ይቀበል ስለ ነበረ፥ ብዙ ወጣቶች ስማቸውን እየፈረሙ አሳባቸውን ገለጹበት። የሚጠብቃቸው አንባቢ መኖሩን ያውቁ ነበር። የዛሬው ልጅ ግን የጻፈውን የሚያነበው አንድ ሰው ነው፤ እርሱም ስሕተት ለማግኘት ያነበዋል።

ፈተናውም ይህን ልማድ ያጸናል። ልጁ ሀ፥ ለ፥ ሐ፥ መ ከሚሉት አንዱን መርጦ ክቡን በእርሳስ ያጠቍራል፤ ከራሱ የሚያወጣው ቃል የለም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ተፈትነው፥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ በሆኑ ጊዜ አገሩ ሁሉ ደነገጠ፤ የቀሩትን ልጆችም ብዙ ሰው ወቀሳቸው። እኔን ያሳዘነኝ ግን ሌላም ነገር ነበረ። ከወደቁት ብቻ ሳይሆን ካለፉትም መካከል አንድ ገጽ በራሱ ቃል ጽፎ ያለፈ አልነበረም፤ ፈተናው አልጠየቃቸውምና። በፈተና የማይጠየቅ ነገር በክፍል እንደማይለፋበት ደግሞ ተማሪ የነበረ ሁሉ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ቅኔ ቤት ልመለስ፤ መድኃኒቱ ከዚያ ያለ ይመስለኛልና። አንድ ተማሪ ወደ ቅኔ ቤት ሲገባ ግሡን ከተማረ በኋላ፥ ሂድና ስለ ሃይማኖት ሰፊ ድርሰት አምጣ አይባልም። የመጀመሪያ ሥራው ጉባኤ ቃና ነው፤ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ናት። ሁለቷን ሲያቀና ሦስት ሦስት ቤት ወዳላቸው ወደ ዘአምላኪየና ወደ ሚ በዝኁ ይሻገራል፤ ዋዜማ አምስት፥ ሥላሴ ስድስት እያለ ስምንት ቤት ካለው መወድስ ይደርሳል። ትንሽ ናት፤ ነገር ግን ሙሉ ናት። ሁለት ቤት የቈጠረ ልጅ የጀመረውን የጨረሰ ሰው ነው። እኛ በትምህርት ቤት ልጁን በመጀመሪያው ቀን አንድ ገጽ ሙላ እንለዋለን፤ እርሱም ገጹን አይቶ ይሸበራል።

ዳግመኛም ቅኔው የራሱ መሆን አለበት። የትናንቱን ደግሞ ማምጣት፥ የጓደኛን መውሰድ ነውር ነው። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ ከአንድ ዛፍ ሥር ይቀመጣል፤ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይቈጥራል። ሲመሽ ከአስነጋሪው ወይም ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። መምህሩም በጆሮው ሰምቶ፥ እዚህ ላይ ቤቱ ሰበረ፥ ይህ ቃል ከዚህ አይገባም ብሎ እዚያው ያቃናለታል። ልጁ የተቃናውን ይዞ ይሄዳል፤ በማግሥቱም ሌላ ይቈጥራል።

ከዚህ ሁሉ እኔን እጅግ የሚያስደንቀኝ፥ የተሰናከለው ቅኔ በዚያው ቀን መሞቱ ነው። የሚመዘግበው የለም። ልጁ በጀማሪነቱ ወራት የሳተው ሁሉ እንደ ጕም ይጠፋል፤ የቀረው የለመደው እጅ፥ ይቅርታ፥ የለመደው አእምሮ ነው። የእኛ ተማሪ ግን ስሕተቱን በቀይ ቀለም ተጽፎ በደብተሩ ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ አባቱ ያዩታል፤ ጎረቤት ያየዋል። ደግሞም በቅኔ ቤት ታናሹ ተማሪ አምና እንደ እርሱ ይንተባተብ የነበረው ጓደኛው ዘንድሮ መወድስ ሲነግር ይሰማል። ባንዱራ ከጻፋቸው ከአራቱ ምንጮች አብዛኞቹን የኔታ ምንም ሳያነቡ ያውቋቸው ነበር ማለት ነው።

የቅኔ ቤቱን ጨለማ ግን ልሸሽግ አልወድም። አርጩሜ ነበረ፤ ረኀብ ነበረ፤ ሽሙጥም ነበረ። ከብዙዎች ጥቂቶች ብቻ ይዘልቁ ነበር። ከሁሉም የሚከፋው ለሴት ልጅ በሩ የተዘጋ ያህል መሆኑ ነው። ይሁን እንጂ በዚያው በጎጃም የቅኔ መምህር ልጅ የሆኑት፥ የዓይን ብርሃናቸውን ያጡት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ከአባታቸው ተምረው ራሳቸው የቅኔ መምህርት ሆነዋል። ብዕር ሊይዙ የማይችሉ ሴት፥ ብዕር የያዙ ወንዶችን ቅኔ አስተማሩ። ይህን ታሪክ ለሴት ተማሪዎቼ ደጋግሜ ነግሬአቸዋለሁ፤ ሲሰሙት ቀና የሚሉትን አይቻለሁ።

ይህ ለጥቂት ደቀ መዛሙርት የተሠራ ሥርዓት ነው፤ ለ68 ተማሪ እንዴት ይሆናል? የሚለኝ መምህር እዚህ መካከል እንዳለ አውቃለሁ። እውነቱን ነው፤ እኔም በአንድ ክፍል 68 ተማሪ ነበረኝ። ለእያንዳንዱ ደብተር 5 ደቂቃ ብሰጥ 340 ደቂቃ፥ ማለት 5 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይሆናል፤ ይህም ለአንድ ክፍልና ለአንድ ድርሰት ብቻ ነው። ስለዚህ በማስተማር ሥራዬ በመጨረሻዎቹ ዓመታት እንዲህ አደረግሁ። ተማሪዎቹን አራት አራት አድርጌ፥ የተሻለውን አስነጋሪ ብዬ ሾምሁላቸው። በየዕለቱ ሁለት ሦስት ዐረፍተ ነገር ይጽፋሉ፤ ለጓደኞቻቸው ያነባሉ፤ እኔም በየተራው ከአንዱ ቡድን ጋራ ተቀምጬ እሰማለሁ። ቀዩን እስክርቢቶ ለባልደረባዬ ሰጠሁት። በአንድ ጊዜ ከአንድ ስሕተት በላይ አላርምም ነበር። ተአምር ሆነ አልላችሁም። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ከሁለት ዐረፍተ ነገር ያልዘለሉ ነበሩ፤ አንዳንድ ወላጆችም ልጄ ደብተር ላይ እርማት አላየሁም ብለው ለርእሰ መምህሩ ከሰሱኝ። ነገር ግን ባዶ ወረቀት የሚያስረክብ ልጅ እየጠፋ ሄደ። ጮክ ብሎ ሲያነብ ምላሱ የተሰናከለበትን ስፍራ ልጁ ራሱ እያቃና፥ አራት ነጥቡን እንኳ ያለ ነጋሪ ማግባት ጀመረ።

እንግዲህ ከደብራችን የምለምነው ብዙ አይደለም። ትምህርት ቤቱን ልናዘው አንችልም፤ ፈተናውንም ልንለውጠው አንችልም። እኛ ግን ትምህርት ቤት የሌለው አንድ ሀብት አለን፤ እርሱም በየሳምንቱ እዚህ የሚመጡት ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ናቸው። በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል እንላለን፤ እነርሱም ከእኛ ሲለዩ ያዩትን ይዘውት ይሄዳሉ። በየቅዳሜው ከቀኑ 9 ሰዓት አዳራሹ ይከፈትልን። አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት እናት ይምጡ፤ የሚያስታውሱትን ጥቂት ያውሩ። ልጆቹ በዚያው ሰዓት ሁለት ሁለት ዐረፍተ ነገር ብቻ ይጻፉ፤ ጽፈውም ለተናገሩት ሰው ያንብቡላቸው። ሽማግሌውም፥ እንዲህ አይደለም፥ እንዲህ ነበር ብለው ነገሩን ያርሙ። ፊደሉን የሚያርሙ ካህናትና ዲያቆናት እስከ ሦስተኛው ወር ይታገሡን። የተሰበሰበውም ጽሑፍ በአንድ መዝገብ ተጠርዞ ከደብሩ መዛግብት ጋራ ይቀመጥ። የሰበካ ጉባኤው 50 ደብተር ለመግዛት እሺ ብሎናል፤ ስለዚህም አመሰግናለሁ።

ነገሩ ሊሆን እንደሚችል አንድ ማስረጃ አለኝ። ያችን የ8ኛ ክፍል ልጅ ከጥር ሚካኤል በኋላ ጠርቼ፥ አንድ ገጽ አልፈልግም፥ ስለ ቸርኬው ብቻ ሁለት ዐረፍተ ነገር ጻፊልኝ አልኋት። ጻፈች፤ አነበበችልኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስለ እንስራው ሁለት ጨመረች። ባልጠበቅሁት ሰንበት ደግሞ ስለ አማትየዋ ቍጣ አምስት ጽፋ መጣች። በአራተኛው ሳምንት አንድ ገጽ ተኩል ሆነ፤ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ከእኔ ንግግር ቀጥሎ ታትሟል። ከመታተሙ በፊት ለአያቷ ስታነብላቸው፥ እማማ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰምተው «ቸርኬው የተሰቀለው በወይራው ላይ ነው እንጂ በጥዱ ላይ አይደለም፤ ጥዱ ያኔ ገና ችግኝ ነበር» አሏት። ልጅቱም እስክርቢቶዋን ተቀብላኝ እዚያው ቆማ አረመችው።